እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ፦ በካሴት ተሰውሮ የቆየ ድምፅ

የዚህ ወር የጥናት ዓምዳችን የአንዲት ኢትዮጵያዊት ገጣሚ፣ ዜማ ደራሲና ድምፃዊት ሕይወት ላይ ያተኩራል። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ብዙዎቻችን የምናውቃቸው በፒያኖ ነው። እዚህ ፍራንክፈርት ውስጥ ከኢትዮጵያ ጋር ምንም ዝምድና የሌለው የክፍል ጓደኛችን እንኳ ስማቸውን ጠርቶ ሙዚቃቸውን በስልኩ ሊያሰማን ይችላል። እማሆይ ግን ፒያኖ ተጫዋች ብቻ አልነበሩም። ግጥም ጽፈው፣ ዜማ አውጥተውለት፣ በራሳቸው ድምፅ በአማርኛ ያንጎራጎሯቸው ሥራዎች አሏቸው። እነዚህ ሥራዎች ለሕዝብ ጆሮ በአልበም መልክ የደረሱት ከተቀዱ ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ፣ ባለቤታቸውም ካረፉ በኋላ ነው።

ይህ ጽሑፍ ሁለት ነገር ይጠይቃል። አንደኛ፣ ይህ ድምፅ ከየት መጣ? ሁለተኛ፣ ለምን ያን ያህል ዘመን ሳይሰማ ቆየ? የሁለተኛው ጥያቄ መልስ በየቤታችን መሳቢያ ውስጥ ያሉትን ካሴቶች ይነካል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ተብሎ ካልተለየ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የቤተሰብ መሠረት

እማሆይ የተወለዱት ታኅሣሥ 2 ቀን 1916 ዓ.ም. (12 ዲሴምበር 1923) አዲስ አበባ ነው። ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም የውብዳር ነበር። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ ይባላሉ። ከንቲባ ገብሩ ከጎንደር አካባቢ የተነሡ፣ በልጅነታቸው በሚስዮናውያን እጅ ኢየሩሳሌምና ስዊዘርላንድ የተማሩ፣ ጀርመንኛን ጨምሮ በርካታ ቋንቋዎችን የሚናገሩ ሰው ነበሩ። የጎንደር ከንቲባ ሆነው ያገለገሉ ሲሆን፣ በ1919 ኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ በላከችው የልዑካን ቡድን ውስጥም ነበሩ።

በዚያ ዘመን ሴት ልጅን ባሕር አሻግሮ ማስተማር እንግዳ ነገር ነበር። ከንቲባ ገብሩ ግን የውብዳርን በስድስት ዓመታቸው ከእኅታቸው ከስንዱ ገብሩ ጋር ወደ ስዊዘርላንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ላኳቸው። ሁለቱም እኅትማማቾች ከዚያ ትምህርት ትልቅ ነገር ይዘው ተመልሰዋል። ስንዱ ገብሩ በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ኃላፊ፣ «የልቤ መጽሐፍ» የተሰኘው ሥራ ደራሲ፣ በ1957ም ለኢትዮጵያ ፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆነዋል። ከከተማችን ብዙም በማትርቀው በቦን በነበረው የኢትዮጵያ ኤምባሲም አገልግለዋል። የውብዳር ደግሞ ቫዮሊንና ፒያኖ ይዘው መጡ።

ምርኮ፣ ካይሮ፣ የተዘጋ በር

የውብዳር ወደ አገራቸው ተመልሰው በእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ትምህርታቸውን ሲከታተሉ የፋሺስት ወረራ መጣ። ከቤተሰባቸው ሦስት ሰዎች በጣሊያኖች እጅ ተገደሉ። በ1937 የተረፈው ቤተሰብ ተማርኮ መጀመሪያ ወደ አዚናራ ደሴት፣ ቀጥሎም በኔፕልስ አቅራቢያ ወደምትገኘው መርኮልያኖ ተጋዘ። ገና ታዳጊ ሳሉ የስደትንና የምርኮን ጣዕም ያወቁት እንዲህ ነው።

ከነጻነት በኋላ ካይሮ ሄደው ከፖላንዳዊው የቫዮሊን ሊቅ ከአሌክሳንደር ኮንትሮቪች ዘንድ ተማሩ። በቀን ዘጠኝ ሰዓት ይለማመዱ ነበር፤ አራቱን ሰዓት ቫዮሊን፣ አምስቱን ፒያኖ። የፈተና ሰሞን ከቤተ መጻሕፍት የማንወጣ ተማሪዎች ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን። ለእርሳቸው ግን የፈተና ሰሞን ሳይሆን የየዕለቱ ኑሯቸው ነበር። የካይሮ ሙቀት ጤናቸውን ስለጎዳው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። ኮንትሮቪችም አብረው መጥተው የክብር ዘበኛን የሙዚቃ ክፍል መሩ።

ከዚያም ለንደን በሚገኘው ሮያል አካዳሚ ኦፍ ሚውዚክ የመማር ዕድል አገኙ። ሆኖም ከአገር የመውጣት ፈቃድ ተከለከሉ። ሐዘናቸው እጅግ በረታ። ለቀናት እህል አልቀምስ ብለው ለሞት እስኪቀርቡና እስኪቆርቡ ድረስ ደከሙ። ሲያገግሙ የሕይወታቸው አቅጣጫ ተለውጦ ነበር።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብለን እናስብ። ብዙዎቻችን ወደ ጀርመን የመጣነው በአንድ ማኅተምና በአንድ ቀጠሮ ነው። ቪዛው ባይመታ ኖሮ ታሪካችን ሌላ ይሆን ነበር። የእማሆይን ሕይወት የሚመራው ጥያቄም ይኸው ነው፤ በሩ ሲዘጋ በውስጥ ያለው ስጦታ የት ይገባል?

ግሸን

የውብዳር ገና በወጣትነታቸው ወደ ግሸን ማርያም ሄደው መነኰሱ፤ ጽጌ ማርያምም ተባሉ። ግሸን ደብረ ከርቤ በወሎ፣ በአምባሰል ወረዳ የምትገኝ፣ አናቷ የመስቀል ቅርጽ ያለው አምባ ናት። ግማደ መስቀሉ ያረፈባት ናት ተብሎ ስለሚታመን በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ብዙ ምእመናን ይሳለሟታል። እማሆይ በዚያ ወደ አሥር ዓመት ገደማ ኖሩ። ጫማ አያደርጉም፤ ቤታቸው የጭቃ ነበር። ፒያኖ የሚባል ነገር አልነበረም።

የካይሮን ዘጠኝ ሰዓት ካስታወስን ይህ ዝምታ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ይገባናል። ሆኖም አንድ ነገር ልብ እንበል። አምባሰል ከአራቱ የኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ ዋና ቅኝቶች የአንዱ መጠሪያ ነው። ሌሎቹ ትዝታ፣ ባቲና አንቺ ሆዬ ናቸው። እማሆይ ከመሣሪያቸው ቢርቁም ከዜማ አገር አልራቁም።

ከጎንደር እስከ ጀርመን ሸክላ

በ1960ዎቹ እማሆይ ጎንደር ገብተው የቅዱስ ያሬድን ዜማ አጠኑ። ያሬድ በ6ኛው መቶ ዓመት አክሱም ላይ የተነሣ ሊቅ ሲሆን፣ ግዕዝ፣ ዕዝልና ዓራራይ የተባሉትን ሦስት የዜማ ስልቶች ቤተ ክርስቲያናችን ከእርሱ እንደወረሰች ታስተምራለች።

እማሆይ በጎንደር ያገኙት ዜማ ብቻ አልነበረም። ድጓውንና ቅኔውን ለመማር ከየአገሩ የመጡ የቆሎ ተማሪዎችን አዩ። ቀን ለምነው የሚበሉ፣ ሌሊት በደጀ ሰላም በብርድ የሚያድሩ ልጆች ነበሩ። የሚሰጧቸው ገንዘብ አልነበራቸውም። የነበራቸው ሙዚቃ ነበር። ሥራዎቻቸውን በሸክላ አስቀርጸው ገቢውን ለችግረኞች ለማዋል የወሰኑት ከዚህ የተነሣ ነው።

የመጀመሪያው ሸክላ በ1967 በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ድጋፍ ታተመ። የታተመው እዚህ ጀርመን ነው። ርዕሱም በጀርመንኛ «ሽፒልት አይገነ ኮምፖዚስዮነን» ይላል፤ የራሷን ድርሰቶች ትጫወታለች ማለት ነው። በዚህ ርዕስ ውስጥ «አይገነ»፣ «የራሷ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ። በዚያ ዘመን ከአፍሪካ የመጣ ሙዚቃ አውሮፓ ውስጥ ሲታተም ብዙ ጊዜ «ባህላዊ» ተብሎ ደራሲው ስም አልባ ይሆን ነበር። ይህ ሸክላ ግን ገና ከሽፋኑ ደራሲ እንዳለው ይናገራል። ሌሎች ሸክላዎችም ተከተሉ፤ ገቢያቸውም ለወላጅ አልባ ልጆች ዋለ።

የካሴቶቹ እንጉርጉሮ

የ1974ቱ አብዮት ሲመጣ ንጉሠ ነገሥቱ ወረዱ፤ የእማሆይ ቤተሰብ ያደገበት ዓለምም አብሮ ፈረሰ። ሸክላም በዚያው ሰሞን ቦታውን ለካሴት ለቀቀ። በፊሊፕስ ተሠርቶ በ1963 በርሊን በተካሄደው የሬዲዮ ኤግዚቢሽን ለሕዝብ የታየው ያ ትንሽ ሣጥን ከሸክላ ይልቅ ርካሽ ነበር። ስቱዲዮ አይፈልግም፤ ማንም ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ሊቀዳበት ይችላል።

እማሆይም እንዲሁ አደረጉ። ከ1970ዎቹ መጨረሻ እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ፣ አዲስ አበባ በቤተሰባቸው ቤት፣ ፒያኖ እየመቱ በአማርኛ ያንጎራጎሩትን በቴፕ ቀዱ። ውጭ የሚንጫጩት ወፎች ሳይቀሩ በቅጂው ውስጥ ይሰማሉ። ድምፃቸው ዝግ ያለ ነው። ለአዳራሽ የሚዘፍን ሰው ድምፅ ሳይሆን ከራሱ ጋር የሚነጋገር ሰው ድምፅ ነው። እኛ «እንጉርጉሮ» የምንለው ይኸው ነው። እናቶቻችን ቡና ሲቆሉ ወይም ብቻቸውን ሆነው ስፌት ሲሰፉ የሚያወጡት፣ ሰው ሲገባ የሚያቋርጡት ዓይነት ዜማ።

የግጥሞቹ ጉዳይ አገር፣ መለየትና ናፍቆት ነው። አንደኛው አገርህን አትርሳ ይላል። ሌላው ደግሞ ርዕሱ ራሱ ጥያቄ ነው፤ በምትኖርበት አገር ፀሐይ ነው ወይስ ደመና? ሲል ሩቅ ያለውን ሰው ይጠይቃል። ይህን ጥያቄ እያንዳንዳችን እናውቀዋለን። እሑድ ከሰዓት ስልክ ስንደውል እናታችን ቀድማ የምትጠይቀን ይህንኑ ነው፤ «ብርዱ እንዴት ነው? ፀሐይ ወጣ?» የአየር ሁኔታ ትንበያ ፈልጋ አይደለም። «ደህና ነህ?» የሚለው ቃል በደረቁ ሲነገር ሆድ ስለሚያስብስ ሰማዩን ትጠይቃለች።

ዘመኑን እናስታውስ። ቀይ ሽብር አልፎ ቁስሉ ገና አልደረቀም። ቤተሰብ ተበትኗል። ከሱዳን፣ ከኬንያ፣ ከጂቡቲ እያለፉ ብዙዎች አውሮፓና አሜሪካ እየገቡ ነበር። እዚህ በፍራንክፈርትና አካባቢዋ የምናውቃቸው ብዙ አባቶችና እናቶች የመጡት በዚያው ማዕበል ነው። ስለ መለየት የተጻፈ ግጥም በሬዲዮ ሊተላለፍ በማይችልበት ጊዜ፣ አንዲት መነኵሴ በር ዘግተው ቴፕ ላይ አንጎራጎሩት። ካሴቱም ከሣጥን ገባ።

ኢየሩሳሌምና የዓለም ጆሮ

በ1980ዎቹ አጋማሽ እማሆይ አገራቸውን ለቀው ኢየሩሳሌም በሚገኘው በደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ገዳም ገቡ። ፒያኖ ባለበት ጠባብ ክፍላቸው ውስጥ እስከ ዕለተ ሞታቸው ኖሩ። በ2006 ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በሚያዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» በተሰኘው ተከታታይ አልበም 21ኛው ቅጽ ለእርሳቸው ሥራ ብቻ ተሰጠ። ከዚያ ወዲህ ዓለም አወቃቸው። የፒያኖ ሥራዎቻቸው በፊልሞች ውስጥ ገቡ፤ በ2021 የወጣውን «ፓሲንግ» የተሰኘ ፊልም ለምሳሌ መጥቀስ ይቻላል። በ2013፣ ዕድሜያቸው ወደ ዘጠና በተጠጋበት ጊዜ፣ ሥራዎቻቸው በኖታ ተዘጋጅተው ታተሙ፤ ኢየሩሳሌም ውስጥም ኮንሰርት ተደረገላቸው።

እማሆይ መጋቢት 17 ቀን 2015 ዓ.ም. (26 ማርች 2023) በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ውስጥ ዐረፉ። በድምፃቸው የቀዷቸው እንጉርጉሮዎች «ሱቪኒርስ» በሚል ርዕስ በአልበም መልክ የወጡት በቀጣዩ ዓመት፣ በ2024 ነው።

ዜማውን እንዴት እናዳምጠው?

የውጭ ጸሐፊዎች ስለ እማሆይ ሲጽፉ ብዙ ጊዜ «ጃዝ» እና «ብሉዝ» የሚሉ ቃላትን ይጠቀማሉ። ስሜታቸውን ለመግለጽ ከሆነ ይግባን። እንደ ማብራሪያ ግን ያሳስታል፤ ምክንያቱም የእማሆይ ትምህርት ቤቶች ሌሎች ነበሩ። ሲያዳምጡ የሚከተሉትን ሦስት ነገሮች ለይቶ መስማት ይጠቅማል።

አንደኛው ቅኝቱ ነው። ቅኝቶቻችን አምስት ድምፆች አሏቸው። ፒያኖ አጠገባችሁ ካለ ትዝታን በዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ሞክሩት። ለጀርመን ጓደኛችሁ «ብሉዝ ይመስላል» ያሰኘው ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ የቅኝቱ ክፍተት ነው። ፋ እና ሲ የሉም፤ ጆሮ ግን ይጠብቃቸዋል።

ሁለተኛው ጊዜው ነው። የእማሆይ ጣቶች ሜትሮኖም አይከተሉም። ሐረጉ ይዘገያል፣ ይቸኩላል፣ ይንጠለጠላል። ቅዳሴ ወይም ማሕሌት ላይ የቆመ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ያለ ከበሮ የሚዜም ዜማ የሚለካው በትንፋሽና በቃል ነው። እማሆይ ይህን ትንፋሽ ወደ ፒያኖ አመጡት።

ሦስተኛው የአውሮፓ ክላሲካል ሙዚቃ ነው። የግራ እጃቸው ድምፆችን እየበታተነ ሲያንከባልል የሾፓንን መንፈስ እንሰማለን። ያ የስዊዘርላንድና የካይሮ ትምህርት ነው። ሦስቱ ሲገናኙ ቅልቅል አይሆኑም፤ የአንድ ሰው ቋንቋ ይሆናሉ።

እንጉርጉሮዎቹ ላይ ስንደርስ አራተኛ ነገር ይጨመራል፤ እርሱም ቃሉ ነው። ፒያኖውን ማንም ያዳምጣል። ግጥሙን ግን አማርኛ የማያውቅ ሰው እንደ ጥሩ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው። በዚህ ጉዳይ የሙዚቃ ትምህርት ያልተማረ የአማርኛ ተናጋሪ ከሙዚቃ ፕሮፌሰር ይበልጣል። ይህ ኩራት ብቻ ሳይሆን ኃላፊነትም ነው። እዚህ ተወልደው አማርኛው የሚያስቸግራቸው ታናናሾቻችን አሉ። ከእነርሱ ጋር አብሮ ተቀምጦ ቃል በቃል እያስረዱ ማዳመጥ ከአንድ የቋንቋ ኮርስ አያንስም።

የፍራንክፈርት ጎረቤት፦ ክላራ ሹማን

ለማነጻጸር ያህል ከከተማችን አንዲት ሴት እንጥራ። ክላራ ሹማን በ1878 በተከፈተው የሆክ ኮንሰርቫቶሪየም ገና ከመክፈቻው ጀምሮ እስከ 1892 ፒያኖ አስተምራለች። በሚሊዩስ ሽትራሰ ኖራ በ1896 እዚሁ ፍራንክፈርት ዐርፋለች። በዘመኗ በመላው አውሮፓ የታወቀች ፒያኖ ተጫዋች ነበረች። የራሷን ድርሰቶች ግን ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜዋ መጻፍ አቁማለች ማለት ይቻላል። ባሏ ሮበርት ሞተ፤ ልጆቿን የምታሳድገው በኮንሰርት ገቢ ነበር። ሴት ልጅ መድረስ ትችላለች ወይ? ብላ ራሷም ትጠራጠር ነበር። ድርሰቶቿ በሰፊው መታየት የጀመሩት ከሞተች ከብዙ ዓሥርት ዓመታት በኋላ ነው። በኋላ ግን መልኳ በመቶ ማርክ ኖት ላይ እስከመታተም ደረሰ።

ሁለቱን ሴቶች የሚያመሳስላቸው «ተጫዋች» የሚለው ስም «ደራሲ» የሚለውን መሸፈኑ ነው። የሚለያቸውም አለ። የክላራ ወረቀቶች፣ ደብዳቤዎችና የኖታ ጽሑፎች ቤተ መዛግብት ስለጠበቋቸው ተመራማሪ ሲነሣ የሚያነበው አገኘ። የእማሆይን ድምፅ የጠበቀው ግን ተቋም ሳይሆን ካሴት ነው። ካሴቱ ቢጠፋ ኖሮ የዛሬው ጥናታችን በፒያኖው ላይ ባበቃ ነበር።

ከዚህ ምን እንማራለን?

በየቤታችን ካሴቶች አሉ። የአያት የቅኔ ድምፅ፣ ከአገር ቤት በደብዳቤ ፋንታ የተላከ የሰላምታ ካሴት፣ የሠርግ ዘፈን፣ የለቅሶ ሙሾ። የካሴት ክር በሙቀትና በእርጥበት ይበላሻል፤ የድምፅ ኃይሉም ከዓመት ወደ ዓመት ይዳከማል። በደህና የሚያጫውቱ ቴፖችም እየጠፉ ነው። ጊዜው ያለው አሁን ነው። የምህንድስናና የኮምፒውተር ተማሪዎቻችን በዚህ ብዙ ሊረዱ ይችላሉ። ዋና ዋናዎቹ ጥንቃቄዎች እነዚህ ናቸው፦

1. ከመንካት በፊት ከካሴቱ ጀርባ ያሉትን ሁለት የፕላስቲክ ጥርሶች ስበሩ። ይህ በስሕተት ላዩ ላይ እንዳይቀዳበት ይከላከላል።
2. የቴፑን የማጫወቻ ራስ በአልኮልና በጥጥ አጽዱ። አጠራጣሪ ቴፕ ከሆነ መጀመሪያ በማይፈለግ ካሴት ሞክሩት።
3. ከቴፑ የድምፅ መውጫ በቀጥታ በሽቦ ወደ ኮምፒውተር ቅዱ። ስልክን ከስፒከር ፊት አስቀምጦ መቅዳት ይቅር።
4. ፋይሉን ቢያንስ በ24 ቢትና በ48 ኪሎኸርዝ በዌቭ አስቀምጡ። ኤምፒ3 ለመላላክ እንጂ ለማኖር አይሆንም።
5. ማን፣ መቼ፣ የት፣ ለማን እንደተቀዳ ጻፉ። ይህን የሚያውቁት አዛውንት በሕይወት ሳሉ ጠይቁ። ስም የሌለው ድምፅ ግማሹ እንደጠፋ ይቆጠራል።
6. በተለያየ ቦታ ሦስት ቅጂ ይኑራችሁ። ዋናውን ካሴትም አትጣሉ።
7. ከመላላካችሁ በፊት የባለቤቱን ወይም የቤተሰቡን ፈቃድ አግኙ። በር ተዘግቶ የተንጎራጎረ ነገር ሁሉ ለአደባባይ አይደለም።

የመጨረሻዋ ነጥብ ከእማሆይ ሕይወት ጋር ትያያዛለች። እርሳቸው ሙዚቃቸውን የሸጡት ስም ለማግኘት ሳይሆን የቆሎ ተማሪውንና ወላጅ አልባውን ለመርዳት ነበር። ሥራቸውን ስናዳምጥ በነጻ ከማውረድ ይልቅ ገዝተን ብናዳምጥ፣ ስናጋራም ስማቸውን ሙሉ አድርገን ብንጽፍ፣ ከዚያ ዓላማ ጋር እንስማማለን።

ለውይይት

- የለንደኑ ፈቃድ ባይከለከል ኖሮ እማሆይ ምን ዓይነት ሙዚቀኛ ይሆኑ ነበር? የተከለከሉትን ነገር «ለበጎ ነው» ማለት ተገቢ ነውን? ወይስ የደረሰባቸውን በደል ያቃልላል?
- መነኵሴ ዓለማዊ የሚመስል የናፍቆት ዜማ ማንጎራጎሯን የቤተሰባችሁ ታላላቆች እንዴት ያዩታል? ጠይቋቸው።
- «ጃዝ» ወይም «ብሉዝ» የሚለውን ስም ባንቀበል፣ ለጀርመን ጓደኛችሁ ይህን ሙዚቃ በሦስት ዓረፍተ ነገር እንዴት ታስረዱታላችሁ?
- በቤታችሁ ካሉት ካሴቶች ቀድሞ መዳን ያለበት የትኛው ነው? በላዩ ላይ ያለውን ድምፅ የሚያውቅ ሰው ዛሬ ማን አለ?

ካሴት ያላችሁ፣ ቴፕ ያላችሁ፣ ወይም ግጥሙን ለታናናሾች ለማስረዳት ፈቃደኛ የሆናችሁ አባላትና የቀድሞ ተማሪዎች በሚቀጥለው የጥናት ስብሰባ ይዛችሁ ኑ። ለእማሆይ ጽጌ ማርያም ዕረፍተ ነፍስን እንመኛለን። ለእናንተም ያላችሁበት ሰማይ ፀሐይም ይሁን ደመና መልካም የትምህርት ወቅት ይሁንላችሁ።